በቤት የተጠመቀ ጠላን በእሽግ ለመላክ የተጻፈ ደንብ ይውጣልን

ግልጽ ደብዳቤ
ከክፋር ማርሞሬክ፣ ርሖቮት

በርሖቮትና በአካባቢዋ ከተሞች እሽግ ለምትቀበሉ፣ ለምታጓጉዙና ለምታደርሱ መሥሪያ ቤቶች ክቡራን ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ለርሖቮት ከተማ አስተዳደር

ጉዳዩ፦ ጠላና መሰል የቤት መጠጦችን በጥንቃቄ አሽጎ ለመላክ የሚያስችል ደንብ በጽሑፍ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ለብዙ ጊዜ ሳይስተካከል የቆየ አንድ አሠራር ነው። በዚህ ከተማ የምንኖር ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች በቤታችን የጠመቅነውን ጠላ በሌላ ከተማ ላሉ ዘመዶቻችንና ወዳጆቻችን መላክ ስንፈልግ በእሽግ መቀበያው መስኮት የሚጠብቀን መልስ በቃል ብቻ የሚነገር ነው። አንዱ ሠራተኛ ፈሳሽ ነገር አይሄድም ይላል፤ ሌላው አልኮል ያለበት ከሆነ አልቀበልም ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይጠይቅ መዝኖ ይወስዳል። በግድግዳ የተለጠፈ፣ በእጅ የሚሰጥ፣ አንብበን የምንመራበት ነገር የለም፤ በአማርኛ ቀርቶ በዕብራይስጥም አላየንም። እምቢታው በራሱ ቅሬታዬ አይደለም፤ ምክንያቱ ተጽፎ ያልተነገረ እምቢታ ግን ላኪውንም፣ ሠራተኛውንም፣ በዚያው መኪና የሚሄደውን የሌላ ሰው እሽግም ለአደጋ እያጋለጠ መሆኑን ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ።

በእስራኤል የምንኖር ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎችና ልጆቻችን ዛሬ ከ160 ሺህ በላይ ነን። ከጎንደርም ሆነ ከትግራይ በአንድ መንደር ይኖር የነበረ ቤተሰብ እዚህ ሲደርስ ወንድም ርሖቮት፣ እህት ነታንያ፣ አጎት ቤር ሼቫ፣ አማት አፉላ ሆነው ተበትነዋል። ሰርግ፣ ተዝካር፣ የልጅ መገረዝና የባር ሚጽቫ ድግሶች፣ ከሁሉም በላይ በሔሽቫን 29 የሚውለው፣ በ2008 በሕግ የአገር በዓል የሆነው ስግድ፣ ይህን የተበተነ ቤተሰብ የሚሰበስቡ ቀኖች ናቸው። በነዚህ ቀኖች ድፎ ዳቦና ጠላ ሳይቀርብ ድግስ ተደገሰ አይባልም። ጠላ ደግሞ ከመደብር የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ጌሾውን ወቅጦ፣ ብቅሉን አብቅሎ፣ አሻሮውን ቆልቶ፣ እንኩሮውን አንኩሮ ለመጥመቅ ሥራውን የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋል፤ ያ እጅ አብዛኛውን ጊዜ የአንዲት ትልቅ ሴት እጅ ነው። እርሷ ያለችው በአንድ ከተማ፣ ጠላዋን የሚጠብቁት በአራትና በአምስት ከተማ ናቸው። ዕድሜዋ ገፍቶ መንገድ የከበዳት ሴት ልትልክ የምትችለው በእናንተ በኩል ነው።

እምቢ በተባለ ጊዜ ጠላው እቤት ይቀራል ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል ስል በትሕትና ነው። ጠላው ይሄዳል፤ የሚሄደው ግን ተደብቆ ነው። በሳጥኑ ላይ ዘይት ወይም ጭማቂ ተብሎ ይጻፋል፤ አለዚያም በልብስ መሐል ይጠቀለልና ልብስ ይባላል። ትልቁ ጉዳት ከዚህ ይጀምራል። የሚደብቅ ሰው በሳጥኑ ላይ «ይህ ጎን ወደ ላይ» ብሎ መጻፍ ይፈራል፤ «ከፀሐይ አርቁ» ብሎ መጻፍ ይፈራል፤ ሐሙስ ማታ ከማስረከብ እሑድ ጠዋት ማስረከብ እንደሚሻል የሚነግረው የለም፤ መጠየቅም አይችልም። ሠራተኛውም ልብስ ነው በተባለው ሳጥን ላይ ሌላ ከባድ ሳጥን ይጭንበታል። ስለዚህ መከልከሉ የሚያስቀረው መጠጡን ሳይሆን ጥንቃቄውን ነው። ጠርሙስ ፈንድቶ የሰው መጽሐፍ ወይም መድኃኒት ቢበላሽ ላኪው ራሱን አያጋልጥም፣ ተጎጂው ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም፣ ኪሣራው በመሥሪያ ቤታችሁ ይቀራል። በዚህ አገር ደግሞ የሚፏጭና የሚያንጠባጥብ ባለቤቱ ያልታወቀ ሳጥን ሌላ መዘዝ አለው፤ አጠራጣሪ ዕቃ ተብሎ መንገድ ሊያዘጋና ሰዎችን ከሥራቸው ሊያስወጣ ይችላል። ይህ ሁሉ ለአምስት ሊትር ጠላ የሚገባ ዋጋ አይደለም።

ጠላ በመንገድ ላይ የሚያስቸግርበትን ምክንያት ጠንቅቆ ማወቅ ደንቡን ለማውጣት ግማሽ መንገድ ስለሆነ ጥቂት ልዘርዝር። እርሾ ስኳር ሲበላ ግማሽ ገደማውን ወደ አልኮል፣ ግማሽ ገደማውን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። በአንድ ሊትር ጠላ ውስጥ ሊብላላ የሚችል 4 ግራም ስኳር ቀርቶ ቢታሸግ ወደ 2 ግራም የሚጠጋ ጋዝ ይወጣዋል፤ ይህ ጋዝ ክፍት ቦታ ላይ ቢለካ አንድ ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። 10 ግራም ከቀረ ከፋብሪካ ቢራ ጋር የሚስተካከል ጋዝ ይኖረዋል፤ እስከዚህ ድረስ ለትክክለኛ ጠርሙስ ችግር የለውም። ድፍድፉ በውኃ ከቀጠነ ገና በማግስቱ የተቀዳ ጉሽ ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ ሊይዝ ይችላል። 30 ግራም ቢቀር በአንድ ሊትር ውስጥ ከሰባት ሊትር በላይ ጋዝ መውጫ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ የሚፈነዳው ጠርሙስ ነው። ሙቀት ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ እርሾውን ያፋጥነዋል፣ የተፈጠረውንም ጋዝ ከፈሳሹ አስወጥቶ ግፊቱን ያበዛል። 20 ዲግሪ ላይ የነበረ የታሸገ ቢራ 40 ዲግሪ ሲደርስ በውስጡ ያለው ግፊት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በነሐሴ የርሖቮት ቀትር ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ በሩ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ውስጡ ከዚያም እጅግ የበለጠ ይሞቃል።

ከዚህ የሚገኘው ፍሬ ነገር አጭር ነው። አደገኛው መፍላቱን ያልጨረሰ ጠላ ነው፤ ወይም ግፊት እንዲችል ባልተሠራ ዕቃ የተሞላ፣ በሙቀት የከረመ ጠላ ነው። ሦስቱንም አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። እናንተም በየቀኑ የዚህን ማስረጃ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በአንድ ሊትር ከ7 እስከ 8 ግራም ጋዝ ይዞ፣ ከቢራ የበለጠ ግፊት ተሸክሞ፣ ክረምት ከበጋ በዚህ አገር መንገድ ሁሉ በጭነት መኪና ይመላለሳል። የሚፈነዳው ከስንት አንዴ ነው፤ ምክንያቱም ጠርሙሱ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ፕላስቲክ ነው፤ በውስጡም ጋዙን የሚያበዛ እርሾ የለም። መፍላቱን ጨርሶ የረጋ ጠላ በዚያው ዓይነት ጠርሙስ ውስጥ ቢገባ ከለስላሳው የበለጠ ሥጋት የሚሆንበት ምክንያት የለም። ስለዚህ መስኮት ላይ መጠየቅ ያለበት «መፍላቱን ጨርሷል ወይ? በምን ዕቃ ነው? እንዴት ታሸገ?» የሚለው ነው። ዛሬ የሚጠየቀው ፈሳሽ መሆኑና አልኮል መኖሩ ብቻ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ስለ አደጋው ምንም አይነግሩም።

አልኮሉን በሚመለከት የዓለም አሠራር ከእናንተ መስኮት ይልቅ የለዘበ ነው። በአየር ጉዞ ደንብ ከ24 በመቶ ያልበለጠ አልኮል ያለው መጠጥ ከአደገኛ ዕቃ አይቆጠርም፤ ጥብቅ ገደብ የሚጀምረው ከዚያ በላይ ባለው ነው፤ ከ24 እስከ 70 በመቶ ያለው ለአንድ መንገደኛ ከ5 ሊትር አይበልጥም፤ ከ70 በላይ ጨርሶ አይፈቀድም። የቤት ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ አካባቢ ነው፤ ፊልተር የሚባለው ከበድ ቢልም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የብሪታንያ ፖስታ በአገር ውስጥ ከ24 በመቶ ያልበለጠውን መጠጥ በአግባቡ ከታሸገ ይቀበላል። ኢትዮጵያ በ1908፣ እስራኤል በ1949 አባል የሆኑበት የዓለም ፖስታ ኅብረትም ፈሳሽ ነገር እንዴት መታሸግ እንዳለበት ደንግጓል፤ የማያፈስ ዕቃ፣ ዕቃው ቢሰበር ፈሳሹን የሚመጥ ነገር፣ ከውጭ ጠንካራ ሳጥን። ፈሳሽ ሁሉ የተከለከለ ቢሆን ኖሮ ይህ ድንጋጌ ባላስፈለገ ነበር።

የሚከለክልም አገር አለ፤ አልደብቅም። በአሜሪካ የሚያሰክር መጠጥ በመንግሥት ፖስታ መላክ ከ1909 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የግል አጓጓዦችም የሚቀበሉት ፈቃድ ካለው ድርጅት ብቻ ነው። በቤት ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በመላው አገሪቱ የቤት ጠማቂዎች ውድድር ተስፋፍቷል፤ ጠማቂዎችም ጠርሙሶቻቸውን ከከተማ ከተማ ያደርሳሉ። ስለ አስተሻሸግ ብዙ ልምድ የተገኘው ከነዚያ ሰዎች ነው፤ መላኩ ግን እስከ ዛሬ በጥላ ሥር እንደቀረ ነው። መጥመቁን ፈቅዶ ማድረሱን መዝጋት ሰዎችን ወደ ድብቅ መንገድ እንደሚገፋ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እንዲያም ሆኖ አሜሪካዊው ክልከላ ቢያንስ የተጻፈ ነው፤ ማንም ሊያነበው፣ ሊከራከርበት ይችላል። እኛ ያንን እንኳ አላገኘንም።

ኃላፊዎች ሊያነሡ የሚችሉት ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ አንዳንዱም ክብደት አለው። የመጀመሪያው፣ መስኮት ላይ የቆመ ሠራተኛ ጠላው መፍላቱን ይጨርስ አይጨርስ በምን ያውቃል? የሚለው ነው። ትክክል ነው፤ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። ማወቅ ያለበት ላኪው ነው፤ ማወቂያውም ከማንም ቤት አይጠፋም። ከዚያው ጋን ወይም በርሜል አንድ ትንሽ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በሞቀ ክፍል ሦስት ቀን ማቆየት ነው። ጠርሙሱ በጣት ሲጫኑት እንደ መጀመሪያው ቀን ከለሰለሰ ጠላው ጨርሷል፤ ድንጋይ ከሆነ ገና ነው። የበለጠ እርግጠኛ መሆን የሚሻ የቢራ መጥመቂያ ዕቃ ከሚሸጥበት ሃይድሮሜትር ገዝቶ ንባቡ ለሦስት ቀን አለመለወጡን ያያል። ሠራተኛው የሚያየው ላኪው ፈርሞ የሰጠውን ቅጽና ጠርሙሱን ብቻ ነው። በሦስት ቀን ሙከራ ያላለፈ ጠላ ልኮ ጉዳት ያደረሰ ሰው በፊርማው ይጠየቃል፤ አሁን ባለው አሠራር ግን የሚጠየቅ የለም።

ሁለተኛው የጤና ጥያቄ ነው። ያልተመረመረ መጠጥ አጓጉዘን ሰው ቢታመምስ? የምትሉ ትኖራላችሁ። እዚህ ላይ ልዩነቱን ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ የምጠይቀው ለሽያጭ ስለሚላክ መጠጥ አይደለም። ለሽያጭ የሚቀርብ መጠጥ የራሱ ፈቃድና ቁጥጥር አለው፤ ከዚያ ልናመልጥ አንፈልግም። ከቤት ወደ ቤት በስጦታ የሚላክ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ቅቤና ድርቆሽ እንደምትቀበሉ ሁሉ ስለ ጠላውም የምትወስዱት ኃላፊነት ስለ ማድረሱ እንጂ ስለ ጣዕሙና ስለ ጥራቱ አይደለም። ሽያጭ በስጦታ ስም እንዳይሾልክ መጠኑን መወሰን ይበቃል፤ ለአንድ እሽግ ሦስት ባለ አንድ ሊትር ተኩል ጠርሙስ፣ ማለትም 4 ሊትር ተኩል፣ ለአንድ ቤተሰብ ድግስ ማሟያ ይሆናል እንጂ ለነጋዴ አይበቃም። አረቄን በዚህ ጥያቄ ውስጥ አላስገባሁትም፤ የተጣራ መጠጥ አደጋውም ሕጉም ሌላ ነው። ጠጅም ለጊዜው ባይጨመር እመርጣለሁ፤ እርሾው ማሩን ሙሉ በሙሉ ሳይበላው የሚጠጣ ስለሆነ ከጠላ ይልቅ ጠርሙስ ውስጥ መፍላቱን ሊቀጥል ይችላል፤ በጠላው ልምድ ከተገኘ በኋላ ራሱን ችሎ ቢታይ ይሻላል።

ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች እጅ እንዳይገባ የሚለው ሥጋት ከሁሉም በላይ የምጋራው ነው። በወጣቶቻችን ላይ መጠጥ ያደረሰውን ጉዳት የማያውቅ ሽማግሌ በመካከላችን የለም። ለዚህም መልሱ ግልጽነት ነው። ልብስ ተብሎ የተላከ ሳጥን በር ላይ ተጥሎ ሊሄድ ወይም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሊረከበው ይችላል፤ አልኮል እንዳለበት የተጻፈበት ሳጥን ግን ዕድሜው 18 የሞላው ሰው መታወቂያ አሳይቶ፣ ፈርሞ ብቻ የሚረከበው ይሆናል። በየሱቁና በየመቆለፊያ ሣጥኑ ለሚደረገው ማስረከብም ይህ ዕቃ እንዲከለከል እስማማለሁ።

ለአንድ ማኅበረሰብ ብቻ የተለየ አገልግሎት ለምን ይሰጣል የሚል ካለ፣ ደንቡ ለእኛ ብቻ እንዲሆን አልጠየቅሁም። ከሩሲያና ከዩክሬን የመጡ ጎረቤቶቻችን ክቫስ ይጠምቃሉ፤ እዚሁ አገር የተወለዱ ወጣቶችም በየጓዳቸው ቢራ እየጠመቁ ነው። የእርሾው ሥራ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ለጠላ የወጣ ጥንቃቄ ለክቫስም ለቢራም ይሠራል። ይህ ክፋር ማርሞሬክ ደግሞ በ1930 ከኪነሬት እንዲነሡ የተደረጉ የየመን አይሁዶች መጥተው የሠሩት ሰፈር ነው። የአባቶቻቸውን ምግብና ሥርዓት ጠብቀው ማቆየታቸው ዛሬ የከተማው ሁሉ ኩራት ሆኗል። እኛም ይህንኑ እናድርግ ስንል አዲስ ነገር አልጠየቅንም።

በእኛ በኩል የሚስተካከል ነገር እንዳለም በግልጽ መነገር አለበት። ጠላ በቀጭን የማዕድን ውኃ ጠርሙስ መሙላት የተለመደ ሆኗል፤ ይህ ጠርሙስ ግፊት እንዲችል አልተሠራም። የወይን ጠርሙስም እንዲሁ ነው፤ ቡሽ የሚደፈንበት ተራ የወይን ጠርሙስ ለጋዝ የታሰበ አይደለም፤ ሲሰበርም ስባሪው ሰው ይጎዳል። አፉን በፕላስተር መጠቅለል ክዳኑን አያጠነክረውም፤ ድግሱ ደረሰ ብሎ ያልጠራ ጉሽ መላክም ለተቀባዩ ስጦታ አይሆንለትም። አንዳንዶች የታሸገውን ጠርሙስ በሙቅ ውኃ አሙቆ እርሾውን መግደልን ይመክራሉ፤ ሳይንቲስቱ ሉዊ ፓስተር በ1876 ስለ ቢራ ያሳተመው ጥናት መሠረቱን የጣለለት ዘዴ ነው፤ ፋብሪካዎችም በ60 ዲግሪ አካባቢ ይሠሩበታል። ነገር ግን ጋዝ የያዘ የተዘጋ ጠርሙስ እቤት ምድጃ ላይ ማሞቅ ራሱ አደጋ ስለሆነ በደንቡ ውስጥ ግዴታ ሆኖ እንዳይገባ እለምናለሁ። ሥራውን ጨርሶ የረጋ፣ ከአተላው በጥንቃቄ ተለይቶ የተቀዳ፣ ከመላኩ በፊት በማቀዝቀዣ ያደረ ጠላ ይበቃል።

አስተሻሸጉን በተመለከተ ልማድ ያረጋገጠው አለ። ጠርሙሱ ለስላሳ የነበረበት ፕላስቲክ ይሁን፤ እስከ አፉ አይሞላ፤ ከላይ አራት ጣት ያህል ባዶ ይቅር። እያንዳንዱ ጠርሙስ ለብቻው በወፍራም ላስቲክ ከረጢት ገብቶ ይታሰር፤ በከረጢቱ ውስጥ ፈሳሽ የሚመጥ ነገር፣ ለምሳሌ የሕፃን ዳይፐር፣ አብሮ ይጠቅለል። ከዚያ በወፍራም ካርቶን፣ በጠርሙሶቹ መካከል መለያ ተደርጎ፣ ባዶ ቦታው በጋዜጣ ታጭቆ ይዘጋ። ሳጥኑ ሲነቀነቅ የሚንኳኳ ነገር ከተሰማ እንደገና ይታሸግ። ይህን ሠራተኛው በግማሽ ደቂቃ ሊያረጋግጠው ይችላል። የሚያፈስ ጠርሙስ ቢገኝ እንኳ ፈሳሹ ከከረጢቱ አይወጣም፤ የሌላ ሰው ንብረትም አይነካም።

የቀኑ ነገር ግን ከአስተሻሸጉ እኩል የሚያሳስበኝ ነው፤ ይህ ደግሞ በእናንተ እጅ ያለ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የተረከባችሁት እሽግ ዓርብን በግማሽ ቀን፣ ሰንበትን ሙሉውን መጋዘን ውስጥ ያሳልፋል። በበጋ ይህ ማለት ሁለትና ሦስት ቀን በተዘጋ ሙቀት ውስጥ ማለት ነው። በሮሽ ሐሻና፣ በዮም ኪፑርና በዳስ በዓል ሰሞን ቆይታው ይረዝማል፤ መስከረም ደግሞ ገና ሙቀት ነው። እሽጉ የሚወሰደው ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ብቻ ቢሆን፣ በሁለት ቀን ውስጥ ደርሶ ያበቃለታል። በሐምሌና በነሐሴ አገልግሎቱ ቢዘጋ እንኳ አንቃወምም፤ የሰርግ ወቅት በመሆኑ ብንጎዳም ምክንያቱን እንረዳለን። ስግድ በኅዳር አካባቢ፣ አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ስለሚውል ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚመች ጊዜ ነው። ፋሲካን በሚመለከት ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያሻል። ጠላ ብዙውን ጊዜ ከገብስ ወይም ከስንዴ ብቅል የሚጠመቅ በመሆኑ ሐሜጽ፣ ማለትም በፋሲካ የተከለከለ የቦካ እህል ነው፤ በመጋዘናችሁ ሳይወሰድ ፋሲካ ቢያልፍበት ለተቀባዩ ቤተሰብ አይሆንም። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት እንዲህ ያለ እሽግ ጨርሶ አትቀበሉ፤ ለእኛም ለእናንተም የሚበጅ ነው።

እንግዲህ ከላይ በዘረዘርሁት መሠረት የምጠይቀው ይህ ነው። በመጀመሪያ መልሳችሁ፣ እሺታም ይሁን እምቢታ፣ በጽሑፍ ይሁንልን፤ በዕብራይስጥና በአማርኛ ታትሞ በየመቀበያው ይለጠፍ። ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ናቸው ከሁሉ አብልጠው የሚልኩት፤ ልጆቻቸውን አስተርጓሚ አድርጎ መስኮት ላይ ማቆም ክብራቸውን ይነካል። ቀጥሎም ከስግድ በፊት ባሉት ሳምንታት በርሖቮት ባሉ ጥቂት መቀበያዎች ብቻ የሙከራ ጊዜ ይፈቀድ። በዚያ ጊዜ ስንት እሽግ እንደተላከ፣ ስንቱ እንዳፈሰሰ፣ ስንቱ ያለ ጉዳት እንደደረሰ መዝግባችሁ ብታሳውቁን፣ ከዚያ በኋላ የምትወስዱት ውሳኔ በቁጥር የተደገፈ ይሆናል። ቁጥሩ በእኛ ላይ ከመሰከረ እንቀበላለን። ለላኪው የሚሰጠው ቅጽ አንድ ገጽ ይሁን፤ ሙከራውን ማድረጉን፣ በምን ዕቃ እንደሞላ፣ መቼ እንደጠመቀ ፈርሞ ያስረክብ። ተጨማሪ ክፍያ ካስፈለገም ልኩ ይታወቅና ይከፈላል።

ለከተማው አስተዳደር ያለኝ ጥያቄ ከዚህ ይለያል። ርሖቮት የእርሻና የምግብ ሳይንስ ከተማ ናት፤ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ፣ የምግብና የአካባቢ ፋኩልቲ የሚገኘው እዚሁ ነው፤ ቫይዝማን ኢንስቲትዩትም እዚሁ ነው። ስለ እርሾና ስለ መፍላት የሚያስተምሩ ሰዎች በቅርብ እያሉ ጠላ ጠማቂዎቻችን በግምት መሥራታቸው ያሳዝናል። አስተዳደሩ በሰፈር ማትናሶች (የማኅበረሰብ ማዕከሎች) ከስግድ በፊት ሁለት ምሽት የሚሆን ስልጠና ቢያዘጋጅ፣ ሃይድሮሜትር በውሰት የሚገኝበትን ቦታ ቢያመቻች፣ ከፋኩልቲውም ጠላውን ለክተው አልኮሉንና የቀረውን ስኳር የሚነግሩን ፈቃደኞችን ቢጠይቅልን፣ ደንባችሁ ከወረቀት አልፎ በተግባር ላይ ይውላል። ሥልጠናው በአማርኛና በትግርኛ ይሁን፤ ጠማቂዎቹ እናቶችም ተሰልጣኝ ብቻ ሳይሆኑ አስተማሪም ሆነው ይቀመጡ። ጥንስሱ መቼ እንደደረሰ፣ ድፍድፉ መቼ እንደበሰለ ከሽታውና ከድምፁ የሚለዩ እነርሱ ናቸውና ለሙያተኞቹም የሚነግሩት አያጡም።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ሥራችሁ ከባድ መሆኑን፣ በየቀኑ የምታደርሱት እሽግ ስፍር ቁጥር እንደሌለው አውቃለሁ። የጠየቅሁት የተለየ መኪናም ሆነ የተለየ ሠራተኛ አይደለም፤ አንድ ገጽ ደንብ፣ አንድ ገጽ ቅጽና የተወሰኑ ቀኖች ናቸው። መስኮት ላይ የሚቆሙት ሠራተኞቻችሁም የሚመሩበት ነገር ስለሌላቸው እንደሚቸገሩ እገምታለሁ፤ ደንቡ ለእነርሱም ዕረፍት ነው። ጉዳዩን መርምራችሁ ከስግድ አስቀድሞ የጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን፣ ለውይይት ብትጠሩንም ከሰፈሩ ሽማግሌዎችና ከጠማቂዎቹ እናቶች ጋር ለመቅረብ ዝግጁ መሆናችንን በአክብሮት አስታውቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የክፋር ማርሞሬክ ነዋሪ
ርሖቮት